ዳጉ በመካ ኮረብቶች

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ቡና ቀርቦ የጉዞ ወሬ ከተነሣ፣ ወሬው ብዙ ጊዜ ከሁለት መንገድ አያልፍም፤ ወይ አገር ቤት ነው፣ ወይ ላስ ቬጋስ። የቬጋሱን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። መስኮቱ ተዘግቶ፣ ኤሲው ተለቅቆ፣ ዘፈን ተከፍቶ በረሃውን እናቋርጠዋለን እንጂ አናየውም። ዛሬ እስቲ ስለዚያ ስለማናየው ነገር እንጫወት። ከሰፈራችን ተነሥቶ መንገዱ ካልተጨናነቀ ሦስት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ የሚደረስበት፣ አስፋልቱ አልቆ አሸዋ የሚጀምርበት፣ አሸዋውም አልቆ ሰው ጎኑን ካልሰጠ በማያሳልፍ የምድር ስንጥቅ ውስጥ የሚገባበት ቦታ አለ። የመካ ኮረብቶች ይባላል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ።

አቅጣጫው አያስቸግርም። ከኦሊምፒክ እስከ ዊትዎርዝ ያለችው፣ ከተማው በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየማት መንገዳችን ፌርፋክስ፣ ወደ ደቡብ ወረድ ስትሉ ከ10 ቁጥር ፍሪዌይ ጋር ትገናኛለች። ምሥራቁን ይዛችሁ ሳን በርናርዲኖንና ባኒንግን ካለፋችሁ በኋላ በግራ የሳን ጎርጎኒዮ፣ በቀኝ የሳን ሃሲንቶ ተራራ ይቆማሉ። በመካከላቸው ነፋስ የሚያሽከረክራቸው ነጫጭ ማማዎች በመቶዎች ተደርድረዋል። ከዚህ ወዲያ አየሩም መሬቱም ሌላ ነው። ከውቅያኖሱ የሚመጣው ደመና ዝናቡን በተራሮቹ ምዕራባዊ ፊት ላይ አራግፎ ባዶውን ስለሚሻገር፣ ከጀርባ ያለው አገር ደርቆ ቀርቷል። ፓልም ስፕሪንግስ፣ ኢንዲዮ፣ ኮቼላ ያልፋሉ፤ ከዚያ መካ የምትባል የገበሬ ከተማ ትመጣለች። እዚያ ስትደርሱ ከባሕር ወለል ከ50 ሜትር በላይ ዝቅ ብላችኋል።

በመካ ዙሪያ የምታዩት የተምር ዛፍ ሁሉ ስደተኛ ነው። ዛሬ መጁል የሚባለውን ትልቁንና ለስላሳውን ተምር ብትወስዱ፣ በ1927 ዋልተር ስዊንግል የተባሉ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ባለሙያ ሞሮኮ ውስጥ ቡ ደኒብ ከሚባል ቦታ 11 ችግኝ ተቀብለው አመጡ። በዚያን ጊዜ የሞሮኮን ተምር የሚጨርስ በሽታ ገብቶ ስለነበር፣ ችግኞቹ ለዓመታት ኔቫዳ ውስጥ ከሌላ ተክል ተለይተው ቆዩ። ከ11ዱ 9ኙ ተርፈው ወደዚህ ሸለቆ መጡ። በመንገድ ዳር ከሚሸጡት ላይ አንድ ካርቶን ግዙ፤ ለመንገድ ስንቅ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ከመካ ወጥታችሁ የቦክስ ካንየንን መንገድ ስትይዙ የወይኑና የሎሚው እርሻ ድንገት ያበቃል። የመስኖውን ትልቅ ቦይ እንደተሻገራችሁ በግራ በኩል ፔይንትድ ካንየን የሚል ምልክት አለ። ፒስታው የሚጀምረው እዚያ ነው። አምስት ማይል ያህል ይሆናል፤ ነገር ግን አምስት ማይል መሆኑ አያዘናጋችሁ። መንገዱ መጨረሻው ላይ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ይገባል፤ ደረቅ ወንዝ ደግሞ ጎርፍ በወረደበት ቁጥር አሸዋውን ያገላብጣል፤ ባለፈው ወር ጠንካራ የነበረው ቦታ ዛሬ ጎማ የሚውጥ ሊሆን ይችላል። ከመካከላችን ብዙ ሰው የሚነዳው ፕሪየስ ነው፤ ለከተማ ሥራ ወደር የላትም፤ እዚህ ግን ሆዷ ዝቅተኛ ስለሆነ አሸዋው ላይ ትቀመጣለች። ከፍ ያለና በአራት እግሩ የሚጎትት መኪና ያለው ወዳጅ ፈልጉ። ስኮርት ጎማውንና ክሪኩን ከቤት ሳትወጡ እዩ። የኪራይ መኪና ከሆነ ውሉን አንብቡ፤ አብዛኛው ውል ከአስፋልት መውጣትን ይከለክላል።

መኪናው ከቆመበት ጀምሮ በእግር ነው። መጀመሪያ ሸለቆው ሰፊ ነው፤ ፓሎ ቨርዴ የሚባለው ግንዱ አረንጓዴ የሆነ ዛፍ እዚህም እዚያም ቆሟል። ግድግዳዎቹ ቀይ፣ ሮዝ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ ናቸው፤ ስሙን ያገኘው በዚሁ ነው። ትንሽ እንደተጓዛችሁ በግራ በኩል የወደቁ ቋጥኞች ክምር ይታያል። ላደር ካንየን የሚባለው ጠባቡ ሸጥ ከዚያ ክምር ጀርባ ነው፤ የማያውቅ ሰው አጠገቡ አልፎ ይሄዳል። በቋጥኞቹ መካከል ሾልካችሁ ስትገቡ ግድግዳው ከሁለቱም ወገን ይጠጋል። እጃችሁን ብትዘረጉ ሁለቱንም ትነካላችሁ፤ ቀጥሎ መዘርጋትም አይቻልም። ሰማዩ ከላይ ቀጭን መስመር ይሆናል፤ የውጪው ሙቀት ቀርቶ ቀዝቀዝ ይላል፤ ድምፅ ይታፈናል። ዝናብ ሲኖር ብቻ ፏፏቴ የሚሆኑ ደረቅ እርከኖች አሉ፤ በእነሱ ላይ መሰላል ቆሟል፤ ሸጡም በመሰላሉ ተሰይሟል። ደብረ ዳሞን በገመድ የወጣ ሰው መሰላሉን አይፈራም። ላይ ስትደርሱ ሸጡ ተከፍቶ ጀርባው ላይ ያወጣችኋል፤ ከዚያ ላይ የሳልተን ባሕር በስተደቡብ ሲያብለጨልጭ ይታያል። መመለሻው በሰፊው ሸለቆ በኩል ነው።

ይህን ሁሉ ማን ቀደደው? እኔን የያዘኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱ ሁለት ነው፤ አንዱ ከታች፣ ሌላው ከላይ።

ከታች ያለው ሳን አንድሪያስ ነው። በዜና ስሙ በተነሣ ቁጥር የምንደነግጥበት የምድር ስንጥቅ የሚያልፈው በእነዚሁ ኮረብቶች ግርጌ ነው። ከስንጥቁ ወዲህ ያለው የእኛ የሎስ አንጀለስ ምድር ከፓሲፊክ ጋር ወደ ሰሜን ምዕራብ ይንሸራተታል፤ ወዲያኛው ከአሜሪካ ጋር ይቀራል። የሁለቱ ታላላቅ የምድር ገበታዎች ልዩነት በዓመት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። እዚህ ላይ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን መንሸራተት ብቻ ሳይሆን ይገፋፋሉ፤ በመካከል የተጨመቀው አፈርና ድንጋይ መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይነሣል። የመካ ኮረብቶች እንዲህ ተነሡ፤ በምድር ዕድሜ ትናንት የሚባል ነገር ነው። በዚህ ክፍል ስንጥቁ ታላቅ መንቀጥቀጥ ካስነሣ 300 ዓመት ያህል ሆኖታል። ወደ ጠባቡ ሸጥ የሚገባ ሰው ይህን አውቆ ቢገባ ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለመፍራት ሳይሆን የት እንደቆመ ለማወቅ።

ከላይ ያለው ውሃ ነው። ውሃ በሌለበት አገር ምድሩን የቀረጸው ውሃ መሆኑ ይደንቀኛል። በዓመት ውስጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚወርደው ዝናብ የሚይዘው ሣርና ሥር ስለማያገኝ፣ ጠጠርና ቋጥኝ ተሸክሞ በአንድ ቦይ ይወርዳል፤ ያ ጠጠር ነው እንደ ሞረድ ወደ ታች የሚፍቀው። አገሩ ደረቅ ስለሆነ ግድግዳው ረጥቦ አይናድም፤ ስለዚህ ቦዩ ወደ ጎን ሳይሰፋ ወደ ታች ብቻ ይጠልቃል። ምድሩ ከታች ይነሣል፣ ጎርፉ ከላይ ይቆርጣል፤ ጠባቡ ሸጥ የሁለቱ ሥራ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልመልሳችሁ። ሳን አንድሪያስ በደቡብ በኩል ሳልተን ባሕር ዳር ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ምድር መንሸራተቷን ወደ መከፈት ትለውጣለች። የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ የተፈጠረው በዚህ መከፈት ነው፤ መካ ያለችበት ዝቅተኛ ምድርም የዚያው ሰላጤ ቅጥያ ነው። ባሕሩ እስከዚህ እንዳይመጣ ያገደው የኮሎራዶ ወንዝ ለዘመናት ያከማቸው ደለል ብቻ ነው። በ1905 ወንዙ የመስኖ ቦይ ጥሶ ወደዚህ ጎድጓዳ ሲገባ እስከ 1907 መጀመሪያ ድረስ የሚያቆመው አልተገኘም፤ ሳልተን ባሕር የቀረው ከዚያ ነው።

ይህ ታሪክ ለአፋር ሰው ቢነገረው አዲስ አይሆንበትም። በሴፕቴምበር 2005 በዳባሁ አካባቢ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ይዛ ተሰነጠቀች፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ሰፋች። የዓለም ጂኦሎጂስቶች አይተውት የማያውቁትን ነገር ሊያዩ ወደ አፋር ጎረፉ። ዳሎልም የቀይ ባሕር ውሃ በጥንት ዘመን ገብቶ፣ ተዘግቶ፣ ተንኖ ጨዉን የተወበት ጎድጓዳ ነው። እዚህ አሜሪካኖች ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር ነው ብለው የሞት ሸለቆን ባድዋተር ለማየት ከዓለም ዙሪያ ሰው ይጠራሉ፤ በዳሎል ዙሪያ ያለው የጨው ሜዳ ከዚያ ይበልጥ ዝቅ ያለ ነው፤ ከ100 ሜትር በላይ። እዚያም የጨው ግድግዳ ያላቸው ጠባብ ሸጦች አሉ። ስንቶቻችን አየናቸው? ስንቶቻችንስ ስማቸውን እንጠራለን? ደጋ የተወለድን ሰዎች ቆላውን እንደ አገራችን ጓዳ ሳይሆን እንደ አጥሩ እያየን አድገናል። አሞሌውን ግን ደጋው ሁሉ ለዘመናት በልቶታል፤ ሲመነዝረውም ኖሯል። ግመልና በቅሎ ጭነው፣ የሳባን ሸለቆ ተከትለው ከጨው ሜዳው ወደ በርሀሌና ወደ መቀሌ ሲወጡ የኖሩት ነጋዴዎች በየሸጡ የት ውሃ እንዳለ፣ የት ጎርፍ እንደሚመጣ ያውቃሉ። ይህ እውቀት መጽሐፍ የሚወጣው ነበር፤ አስፋልት ገብቶ የጭነት መኪና ሥራውን እየወሰደ ሳለ ባለቤቶቹ እያረጁ ነው።

ስለ መካ ኮረብቶች ጉዞ ፌርፋክስ ላይ አንድ ቀን ስናወራ፣ አንድ አባት በዝምታ ያዳምጡ ነበር። «አብረውን ይሂዱ» ስንላቸው፣ «ልጆቼ፣ እኔ በረሃ ጠግቤያለሁ» አሉ። ሱዳን የገቡት በእግራቸው ነው። ቀን ተደብቀው፣ ሌሊት ሲጓዙ፣ ከአብሮ ተጓዦቻቸው የቀረ ሰው ነበር። እርሳቸው ብቻ አይደሉም። በዚህ ከተማ መጀመሪያ የሰፈሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በ1980 የወጣውን የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ተከትለው፣ ሱዳንን ወይም ጅቡቲን አቋርጠው የመጡ ናቸው። ከዚያ ወዲህም ሰሃራን፣ ከዚያ ወዲህም የሜክሲኮን ድንበር ያቋረጠ አለ። ለእነዚህ ሰዎች በረሃ የሽርሽር ቦታ ነው ብሎ መናገር ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔም እኚያን አባት ደግሜ አልጠየቅኋቸውም። ራሳቸው ናቸው ከሳምንታት በኋላ «መቼ ነው የምትሄዱት?» ያሉን።

አብረውን መጡ፤ ሸጡ ውስጥ ግን አልገቡም። ሸለቆው አፍ ላይ፣ ፓሎ ቨርዴ ሥር ተቀምጠው ከፔርሙዝ ቡና ቀዱ። እኛ ከመግባታችን በፊት ግን ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛ፣ እያንዳንዳችን ፊታቸው ውሃ እንድንጠጣ አዘዙ፤ ጥማት ከመምጣቱ በፊት መጠጣት አለበት፤ ከመጣ በኋላ ሰውነት ወደኋላ ቀርቷል አሉ። ሁለተኛ፣ ከሸለቆው ሲወጣ ያገኙትን ቤተሰብ ሁሉ አስቁመው በእንግሊዝኛቸው ጠየቁ፤ ምን አያችሁ? መሰላሉ ጠንካራ ነው? ውስጥ ሰው ቀርቷል? ወደ ተራራው ደመና አያችሁ? ሰዎቹም ደስ ብሏቸው መለሱ፤ አንዷ ሴት ሁለተኛው መሰላል እንደሚወዛወዝ ነገረቻቸው። እኛ ስልካችንን ስናይ ሲግናል አልነበረም፤ ወሬው የተገኘው ከእርሳቸው ነው።

አፋሮች ይህን ዳጉ ይሉታል። ሁለት አፋር በመንገድ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ይቆማሉ፤ ብዙ ጊዜም ይቀመጣሉ። ያየኸውን፣ የሰማኸውን ይባባላሉ፤ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ግጦሽ የት እንዳለ፣ ማን እንደታመመ፣ ምን ዓይነት እንግዳ እንዳለፈ ይነጋገራሉ። ያየውን የሚደብቅ ወይም የሚያጣምም ሰው በማኅበረሰቡ ዘንድ ይነቀፋል፤ ምክንያቱም በዚያ ወሬ ላይ ሌላው ሰው ሕይወቱን ይጥልበታል። በበረሃ ዜና መለዋወጥ ግዴታ ነው። ወደ መካ ኮረብቶች ይዘነው እንድንሄድ የምፈልገው ነገር ይህ ነው፤ ከማንኛውም የጉዞ መሣሪያ ይበልጥ።

ለምን እንደምጨነቅ ልንገራችሁ። በጠባብ ሸጥ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰው የሚሞተው ከራሱ በላይ ዝናብ ስለጣለ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ስለጣለ ነው። በኦገስት 1997 አሪዞና ውስጥ አንቴሎፕ ካንየን የገቡ 11 ሰዎች በደራሽ ጎርፍ አለቁ፤ ዝናቡ የጣለው ከሸጡ ማይሎች ርቆ ነበር። እኛም ከዚህ የከፋ አይተናል። በኦገስት 2006 ሌሊት፣ ድሬዳዋ ተኝታ ሳለ፣ የደቻቱ ወንዝ ከሐረርጌ ደጋ ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ደቻቱን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገረዋል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። የመካውም ሸለቆ እንዲሁ ነው። እግራችሁ የሚረግጠው ለስላሳ አሸዋ የወንዝ ወለል ነው። በኦገስት 2023 ሂላሪ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ፣ የሞት ሸለቆ በአንድ ቀን ከዓመት የሚያገኘውን ያህል ዝናብ አግኝቶ መንገዶቹ ተጠራርገዋል።

ስለዚህ ጊዜው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። ሐምሌና ነሐሴ አትሂዱ፤ ሙቀቱ ከ110 ፋራናይት ይዘልላል፤ ድንገተኛው ነጎድጓዳማ ዝናብም የሚመጣው ያኔ ነው። ቦታው በ1994 በወጣው የካሊፎርኒያ በረሃ ጥበቃ ሕግ የተከለለ ነው፤ የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ የመሬት ቢሮ ቢኤልኤም ሲሆን ቢሮው ፓልም ስፕሪንግስ አለ። ጎርፍ ካለፈ በኋላ ሸጡ ሊዘጋ፣ መሰላሉም ሊነሣ ስለሚችል፣ ከመነሣታችሁ በፊት ወደዚያ ደውላችሁ ጠይቁ። ለአንድ ሰው ለቀኑ ቢያንስ አንድ ጋሎን ውሃ ያዙ፤ መኪናው ውስጥም ትርፍ ይቀመጥ። ቤት ለቀረ ሰው የት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ንገሩ። ግድግዳው ላይ ስም አትቅረጹ። ይህ ምድር ከእኛም ከእርሻውም በፊት የካዊያ ሕዝብ አገር ነው፤ ዛሬም የቶሬስ ማርቲኔዝ ክልላቸው እዚያው መካ አጠገብ ነው።

ልጆቻችሁን ውሰዱ። እዚህ ተወልደው አፋርን በካርታ እንኳ የማያውቁ ልጆች፣ እጃቸውን ሳን አንድሪያስ ባነሣው ግድግዳ ላይ አድርገው ስለ ዳሎልና ስለ ዳባሁ ቢሰሙ፣ አይረሱትም። አባቶችንና እናቶችንም፣ ፈቃዳቸው ከሆነ ብቻ፣ እስከ ሸለቆው አፍ ውሰዷቸው፤ ጥላ፣ ወንበርና ቡና አዘጋጁላቸው፤ ከተናገሩ አዳምጡ፣ ዝም ካሉም ተዉአቸው። ስትመለሱ ደግሞ ፒስታው እንዴት እንደነበር፣ አሸዋው የት ላይ እንደላላ፣ የትኛው መሰላል እንደሚወዛወዝ፣ ያያችሁትን ሁሉ ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለሚሄደው ሰው ንገሩ።